የሰፋ ይቀመጥ

የወንድሜን የአምብሮዝ ፔንሃልን ፎቶግራፍ በትልቁ ከተማ በአደሌድ ጋዜጣ ላይ ያያችሁ ሁሉ አንድ ነገር እወቁልኝ። ከጎኑ ቆማ፣ እጇን የአውሮፕላኑ ክንፍ ላይ ጣል አድርጋ ጥርሷን የምታሳየው ሴት እኔ አይደለሁም። ሚስቱ ቬራ ናት። ጋዜጣው ከሥሩ «የክንፎቹ እናት» ብሎ ጽፎላታል። እናት! ያኔ እኮ ካገባችው ዓመት እንኳ አልሞላትም። የወንድሜን አውሮፕላን ያዘልኩት፣ ዳዴ ያስባልኩት እኔ፤ ማዕረጉ ለእሷ።

ያንን ጋዜጣ የከተማችን የፖርት ሃሊን ሰው ሁሉ ግድግዳው ላይ ለጥፎታል። ሥጋ ቤቱ ሳይቀር። ሥጋ ልገዛ በገባሁ ቁጥር ቬራ ከተሰቀለው የበግ ወርች አጠገብ ሆና ትስቅብኛለች። በመጨረሻ ሥጋውን ትቼ ዓሣ መብላት ጀመርኩ።

አምብሮዝን ያሳደግሁት እኔ ነኝ። እናታችን ስትሞት እሱ የወተት ጥርሱ እንኳ አልወለቀም ነበር። አባታችን ሸራ ሰፊ ነው፤ ስንዴ ጭነው ባሕረ ሰላጤውን የሚያቋርጡት ጀልባዎች ሸራቸውን የሚያሰፉት ከእሱ ዘንድ ነበር። መርፌ አያያዙን፣ መዳፍ ላይ የሚጠለቀውን ቆዳ፣ ክሩን ሰም መቀባቱን ለእኔ አስተማረኝ። አምብሮዝ መርፌ አይወድም። አንገቱን ቀና አድርጎ የባሕር ወፍ ሲያይ ይውላል። አንድ ቀን ፔሊካን የሚሉትን ትልቅ ወፍ እያየ ወደ ኋላው ሲራመድ ከመርከብ ማቆሚያው ላይ ባሕር ውስጥ ገባ። ጎትቼ ያወጣሁት እኔ ነኝ። እየተንቀጠቀጠ «ሎቲ፣ ክንፉን ሳያራግብ እኮ ነው የሚሄደው» አለኝ። ከዚያ ወዲህ ስለ ሌላ ነገር ሲያወራ ሰምቼው አላውቅም።

የመጀመሪያውን ክንፍ የሰፋሁለት ከእናታችን አንሶላ ነው። እሱን ታጥቆ ከስንዴ መጋዘኑ ጣሪያ ዘለለ፤ ትከሻው ተሰበረ፤ ያሸሁት እኔ። ኋላ ጦርነቱ መጣና እንግሊዝ አገር ወሰዱት። እዚያ አውሮፕላን በሚሠራበት ቤት አናጢ ሆኖ ቆይቶ፣ ሌሎቹ ጎረምሶች ሜዳልያ ይዘው ሲመለሱ እሱ በሣጥን የታሸገ አሮጌ ሞተር ይዞ ተመለሰ። አገሩ በሳቅ ፈነዳ። «ላም አለኝ በሰማይ» አሉት። የአባታችንን የሸራ መስፊያ አዳራሽ አጽድቶ በሩ ላይ «የፔንሃል አውሮፕላን ሥራ» የሚል ሳንቃ ሲሰቅል ያልሳቀ እኔ ብቻ ነበርኩ። እኔና አጎቴ ዛክ። አጎቴ ዛክ አጎታችን አይደለም፤ በእኛ አገር ሽማግሌ ሁሉ አጎት ነው። የጀልባ አናጢ ነበር፤ ያልሳቀው ሳቅ ስለማያውቅ እንጂ ስላመነ አይመስለኝም።

እንግዲህ በባሕረ ሰላጤው አንድ ደንብ አለ። አዲስ ሸራ የተሰቀለለት ጀልባ መጀመሪያ ሲወጣ፣ ሸራውን የሰፋው ሰው አብሮ ይሳፈራል። «የሰፋ ይቀመጥ» ይባላል። ሰፊው ከፊት ቁጢጥ ብሎ ሲወጣ ሕዝቡ ከዳር ሆኖ ባርኔጣውን ያወዛውዝለታል፤ ሲመለስ ቢራ ይቀዳለታል። አምብሮዝ ይህን ደንብ ወደ አውሮፕላን አመጣው። ክንፉን የሰፋ ከፊተኛው መቀመጫ ይቀመጣል፤ አምብሮዝ ከኋላ ሆኖ ይነዳል። የሰፋሁት እኔ፣ የተቀመጥኩትም እኔ።

«ዳክዬ» ያልናት የመጀመሪያዋ አውሮፕላን በታጨደ የስንዴ ማሳ ላይ እንደ ፌንጣ ዘላ ዘላ ከመሬት ስትለቅ ከፊት የነበርኩት እኔ ነኝ። የሳቁብን ሁሉ አፋቸውን ከፍተው ከታች ቀሩ። ዞር ስል የወንድሜ ፊት ብቻ ይታየኛል፤ ከዚያ በቀር ዓለም የለም። ባል አላገባሁም፤ ልጅም አልወለድኩም። ሌላው ሴት ቤት አላት፣ ጓዳ አላት። እኔ ያ መቀመጫ ነበረኝ።

ከዳክዬ በኋላ ሌሎች መጡ። ገበሬዎች ገዙ፤ አንድ የበግ ባለሀብት ገዛ፤ ከምዕራብ ዶክተር መጥቶ ገዛ። ሁሉንም ሰፋኋቸው። እጄ ፈጣን ነው፤ የማይወዱኝም ይመሰክሩልኛል። በአንደኛዋ ላይ ሰማይ ከወጣን በኋላ ከክንፉ አንድ ጨርቅ ተነቅሎ ይርገበገብ ጀመር፤ አምብሮዝ ፈጠን ብሎ አወረደን።

«ነፋሱ ነው» አልኩት።

«ነፋሱ ነው» አለ እሱም።

ከዚያ ወዲህ ይመስለኛል አጎቴ ዛክ ከሰፋሁ በኋላ ክንፉ ዙሪያ ማንዣበብ የጀመረው። ሽማግሌ ሥራ ሲያጣ እንዲህ ነው ብዬ ተውኩት።

ከዚያ ወንድሜ ለክንፍ የሚሆን በፍታ ልግዛ ብሎ ዋላሩ ወደብ ሄዶ ሚስት ይዞ መጣ።

እሷም የሸራ ሰፊ ልጅ ናት። ቀጭን፣ ድምፅ የሌላት፣ ፊቷ እንደ ታጠበ ሳህን። ምንም አትልም፤ ብትሰድቧት አትመልስም። ከእንዲህ ያለ ሰው ይሰውራችሁ። በመጣች በሳምንቷ አዳራሹ ውስጥ መርፌ ይዛ አገኘኋት። ትሰፋለች፣ ታያለች፣ ትፈታለች፣ እንደገና ትሰፋለች። እኔ ግማሽ ክንፍ ስጨርስ እሷ ገና አንድ ክንድ ናት።

«ይህች ሴት የምትሰፋው ክንፍ ነው የሙሽራ ቀሚስ?» አልኩ ሠራተኛው ሁሉ እንዲሰማ።

አጎቴ ዛክ ከመላጊያው ቀና ሳይል «ሙሽራ ብትወድቅ እንኳ የምትወድቀው ከቆመችበት ነው፤ ክንፍ ከሰማይ ነው» አለኝ።

ሠራተኛው ሳቀ፤ በእኔ። ከዚያ አምብሮዝ ወደ ጓዳ ጠርቶኝ ጫማውን እያየ «ሎት፣ ደክመሻል እኮ። የሠራተኛውን ምሳ የሚያሰናዳልን ሰው ጠፋ» አለኝ። ገብቶኛል። መርፌዬን ቀምተው ማንኪያ ሰጡኝ። ሰማይ ስወጣ የኖርኩት ሴት ድንችና ሥጋ በሊጥ እየጠቀለልኩ ለአናጢዎች ፓስቲ ጋጋሪ ሆንኩ። ጨው አበዛሁባቸው። አውቄ ነው።

የሚቀጥለውን አውሮፕላን ቬራ ሰፋች፤ ቬራም ተቀመጠች። ጋዜጠኛው የመጣው ያን ቀን ነው። እኔ ከአጥሩ ማዶ የሻይ ማንቆርቆሪያ ይዤ ቆሜ ነበር። ከፍ ሲሉ አየኋቸው። ልዋሻችሁ አልፈልግም፤ ዝናብ እንዲመጣ ለመንኩ፣ ሞተሩ እንዲያስነጥስ ለመንኩ። እንዲወድቁ አይደለም፤ ወንድሜ እኮ አለበት። እንዲያፍሩ ብቻ። አላፈሩም። ቬራ ስትወርድ ፊቷ ኖራ መስሎ ነበር፤ ከጋጣው ኋላ ሄዳ አስታወከች። ጋዜጣው ግን ያንን አልጻፈም።

ከዚያኛው ቀጥሎ በወጣው አውሮፕላን ላይ ግን የልቤ ደረሰ። እሱንም ቬራ ሰፍታው ነበር። አምብሮዝ ሊያበር ሲነሳ በፊተኛው መቀመጫ የአሸዋ ጆንያ አሰረበት! ሚስቱን ከታች አቁሞ አሸዋ ይዞ ወጣ። ደስታዬን መደበቅ አቃተኝ። ሰለቸችው፣ አልኩ በልቤ፤ አንድ ጊዜ አየር አስቀመሳት፣ አበቃ። አጥሩ ሥር ቆማ ፖም ስትገምጥ አገኘኋትና ትከሻዋን ቸብ ቸብ አደረግኋት።

«አይዞሽ ቬራ። የወንድ ነገር እንዲህ ነው፤ ዛሬ ወንበር፣ ነገ አሸዋ።»

«አሸዋው ከእኔ ይሻላል እህቴ» አለች እያላመጠች፣ «አያስታውከውም።»

ይህን ያለችው ልትሸፍን ነው አልኩ። የተናደደች ሴት ፖም አትበላም የሚለው ሐሳብ ያን ጊዜ አልመጣልኝም።

ይኼ ሁሉ እንግዲህ እስከ ፔሊካን ድረስ ነው። ፔሊካን ወንድሜ ዕድሜውን ሙሉ ሲያልማት የኖረው ትልቋ አውሮፕላን ናት። ክንፏ ከአዳራሹ ስለሚረዝም የጫፉን ግድግዳ አፍርሰን ነው የሠራናት። የፖስታ በረራ ሊያቋቁሙ የተነሱ የአደሌድ ሰዎች መጥተው ሊያዩዋት ነው፤ ከወደዷት የፔንሃል ስም በአገሩ ሁሉ ይበራል። ከተማው ሌላ ወሬ የለውም። እኔም ሌላ ሐሳብ የለኝም፤ ያን ቀን፣ ያ ሁሉ ሰው እያየ፣ ከወንድሜ ፊት የምትቀመጠው ማን ናት?

እሑድ ከጸሎት መልስ ማዕድ ላይ ሳለን ማንኪያዬን አስቀመጥኩ።

«አንድ ክንፍ እኔ እሰፋለሁ» አልኩ።

አምብሮዝ የጎረሰውን ማላመጥ አላቆም አለ። እንዲያ ያለ ረጅም ጉርሻ አይቼ አላውቅም።

«ሎት...»

«ሎት አትበለኝ። ዳክዬን ማን ሰፋት? የአባባን መርፌ ማን ወረሰ? ወይስ ከዋላሩ በመርከብ የመጣ ነገር ሁሉ ይበልጣል?»

«እሱን አላልኩም።»

«በል እንጂ! አፍ የለህም?»

ቬራ የዳቦ ፍርፋሪ ከጠረጴዛው ላይ በጣቷ እየለቀመች፣ «ግራውን ስጣት፣ አምብ» አለች።

ስጣት! ለደጅ ጠኚ እንደሚሰጥ። ያኔ ተነስቼ ብሄድ ክብሬ ነበር። ግን ግራውን ፈለግሁት፤ ከነምጽዋቱ ተቀበልኩት።

ጀርባና ጀርባ ሆነን ሰፋን። በፍታውን በእንጨቱ አጽም ላይ ወጥረን፣ ረጅሙን መርፌ ከላይ ሰደን በሥር እያወጣን፣ በየቋጠሮው እያጠበቅን። እሷ ስትፈታ የክሩ ድምፅ ይሰማኛል፤ በሰማሁ ቁጥር እኔ እፈጥናለሁ። ሠራተኛው ውርርድ ገብቶብናል አሉ። እኔ ጨርሼ ሻይ ስጠጣ እሷ ገና ክንፉ መሐል ናት።

«ማን ቀደመ?» አልኩት አጎቴ ዛክን።

«ሩጫ ነው እንዴ፣ ልጄ?»

ምሳ ሰዓት ሁሉም ሲወጡ ወደ እሷ ክንፍ ሄድኩ። ስሕተት ፍለጋ ነው፤ ለምን እደብቃለሁ? አውራ ጣቴን በስፌቱ ላይ ከጫፍ እስከ ጫፍ ጎተትኩት። የላላ ቋጠሮ፣ የዘለለ መርፌ፣ አንድ ነገር። ጣቴ ምንም ሳያገኝ ጫፉ ላይ ደረሰ። ከዚያ በላይ ጠልቻት አላውቅም። ዞር ስል በሩ ላይ ቆማለች።

«ሎቲ፣ ከፈለግሽ እኔም ያንቺን የጫፍ ጫፉን ልይልሽ? ድካም ሲኖር እዚያ ላይ ነው የሚላላው» አለች፣ ያቺኑ ለስላሳ ድምፅዋን ይዛ።

«የራስሽን እይ!»

«አይቼዋለሁ» አለች።

በማግሥቱ ጨርቁ ላይ ማጠንከሪያው ቫርኒሽ ተቀባ፤ ስፌቱ ሁሉ ከሥሩ ተሸፈነ።

የበረራው ቀን ከበረሃው የሚመጣው የሰሜን ነፋስ እንደ ምድጃ አፍ ይነፍስ ነበር። የከተማው ባንድ በላብ ተነክሮ ይነፋል፤ ገበሬው ከነቤተሰቡ በጭነት መኪና መጥቷል፤ ሴቶች ዝንብ በመሐረብ ያባርራሉ። የአደሌድ ሰዎች የሱፍ ኮታቸውን አናወልቅም ብለው ቀልጠዋል። ፔሊካን ታጥባ፣ ክንፏ እያብረቀረቀ ማሳው ላይ ቆማለች። እኔ የምበርበትን ኮቴን ለብሼ ነው የሄድኩት። ማንም ልበሺ አላለኝም።

አምብሮዝ የቆዳ ቆቡን በእጁ እያሻሸ ወደ እኔ መጣ።

«ሎት፣ ግራውን ሰፍተሽ ከጨረስሽ በኋላ ደግመሽ አይተሽው ነበር?»

«የቀኟን ጠይቃት!»

«የምጠይቀው አንቺን ነው።»

«አንተ ልጅ፣ አፍንጫህን የጠረግሁልህ ሴት ነኝ እኮ! መርፌ ልታስተምረኝ ነው?»

ተነፈሰ። ቬራን አያት፤ ቬራ መሬት መሬት አየች።

«እንግዲያው ወደ ላይ ውጪ» አለኝ። «የምትቀመጪው አንቺ ነሽ።»

ኮቴን ቆለፍኩ። ሰው ሁሉ ሰምቷል። በመሰላሉ ስወጣ የዳክዬ ቀን የተሰማኝ ሁሉ ተመለሰልኝ፤ ወጣት ሆንኩ፣ ቆንጆ ሆንኩ። መቀመጫው ላይ ተደላድዬ ቁልቁል ቬራን ፈለግኋት።

«ቬራ ሆይ! ፀሐዩ እንዳያጠቁርሽ ጥላ ሥር ቁሚ!»

«ቀበቶሽን አጥብቂ፣ ሎቲ» አለች።

በዚህ ላይ ባቆም ኖሮ ጥሩ ነበር። እኔ ግን ገና አልጠገብኩም። ያን ሁሉ ዘመን በማንቆርቆሪያ የቆምኩበትን፣ ሥጋ ቤት ውስጥ የተሳቀብኝን፣ በአንድ ጊዜ እንዲከፈለኝ ፈለግሁ። ባንዱ ትንፋሽ ሲወስድ ጠብቄ ጮኽ አልኩ።

«አምብ! ለእነዚህ ጌቶች ንገራቸው እንጂ! ከሁለታችን እኔን የመረጥከኝ ለምንድን ነው?»

«ተይ፣ ሎት።»

«ንገራቸው ነው የምልህ! ምን ያሳፍርሃል?»

ከአደሌድ ሰዎች አንዱ፣ ወፍራሙ፣ ባርኔጣውን እያራገበ ቀረበ። «እውነት አቶ ፔንሃል፣ በጋዜጣው ላይ ሚስትዎ ነበሩ የሚቀመጡት። ዛሬ ለምን ቀሩ?»

አምብሮዝ ብዙ ጉድለት አለበት፤ መዋሸት ግን አይሆንለትም። ጆሮው ቀላ።

«የቀኙ ክንፍ ሰው አያስፈልገውም፣ ጌታዬ» አለ። «የሰፋችው ሚስቴ ናት።»

«የግራውስ?»

«የግራው ዋሱ ከነነፍሱ መቀመጫው ላይ አለ።»

ሰውዬው ወደ እኔ ቀና ብሎ አየ፤ ራሱን ነቀነቀ፤ ገባው። መሰላሉ ሥር የቆሙት ገበሬዎችም ገባቸው፤ እርስ በርስ ሲተያዩ አየሁ። እኔ ነኝ የዘገየሁት።

«ምን ማለትህ ነው?» አልኩት።

አምብሮዝ መሰላሉን ወጥቶ አጠገቤ ጎንበስ አለ። አሁን የሚሰማን በወዲያኛው ጎን ቀበቶዬን የሚያይልኝ አጎቴ ዛክ ብቻ ነው።

«ሎት፣ ደንቡ የክብር ነው ያለሽ ማን ነው? ባለጀልባዎቹ ሰፊውን የሚያሳፍሩት ሸራውን ሲጠራጠሩ ነው። ለራሱ ነፍስ ሲል አጥብቆ እንዲሰፋ። የታመነ ሰፊ ቤቱ ተቀምጦ ሻዩን ይጠጣል። አባባ ካረጀ በኋላ ተሳፍሮ ያውቃል?»

«ጉልበቱን ስለሚያመው ነዋ!»

«ጉልበቱ ደህና ነበር» አለ ወንድሜ። «አምነውት ነው።»

ዳክዬ። የገበሬዎቹ። የዶክተሩ። ሁሉም ላይ ወጥቻለሁ፤ አንዱም አልቀረኝም። የአሸዋው ጆንያ ትዝ አለኝ፤ ፖሙም ትዝ አለኝ።

«ብትነግሩኝ ምን ነበረበት?» አልኩ።

«ስትቀመጪ ደስ ይልሽ ነበራ» አለኝ። «ደስ ሲልሽ ደግሞ ትንሽ አጥብቀሽ ትሰፊያለሽ።»

አጎቴ ዛክ ክንዴን ያዘኝ። ሲያባብል ሰምቼው የማላውቀው ሰው ያን ቀን ድምፁን አለዘበ። «ልጄ፣ ከተጠራጠርሽ ውረጂ። ጨርቁን ቀደን እናየዋለን። ሰዎቹ ይጠብቃሉ፤ ነገም ቀን ነው። ማንም ምንም አይልሽም።»

ማንም ምንም አይልም! አገሩ ሁሉ እዚያ ቆሟል፤ ቬራም ከሁሉ ፊት እጇን ደረቷ ላይ አድርጋ ወደ እኔ ታያለች። ፊቷ ላይ ንቀት ቢኖርበት እወርድ ነበር እላለሁ። የነበረበት ግን ጭንቀት ነው፤ ለእኔ መጨነቅ። ጫፍ ጫፉን ላየው ያለችው እውነቷን ነበር። ጫፍ ጫፉን እንዴት እንደሰፋሁት ለማስታወስ ሞከርኩ። እሷ ክሯን ስትፈታ የሚሰማኝ ድምፅና የእኔ መቸኮል ብቻ ነው የመጣልኝ።

«አልወርድም» አልኩ። «አስነሳው።»

ሞተሩ ጮኸ። ፔሊካን ማሳውን ሸርሽራ ሄደች፤ ባንዱ፣ ባርኔጣው፣ መሐረቡ ሁሉ ከሥራችን ተንሸራተተ፤ ምድር ለቀቀችን። ባሕረ ሰላጤው ከታች ተዘረጋ። ስንዴ የጫኑት ጀልባዎች ሸራቸውን ነፍተው ይሄዳሉ፤ የሰፏቸው ሰዎች ይሄኔ እቤታቸው ይሆናሉ። ወንድሜን ዞር ብዬ አላየሁትም።

ያየሁት ቀኙን ክንፍ ነው። ዓይኔን ከእሱ አልነቀልኩም። አንዲት ክር እንድትፈታ፣ አንዲት ቁራጭ ጨርቅ እንድትነሳና እንድትርገበገብ፣ ከበረራው መጀመሪያ እስከ መጨረሻው ለመንኩ። ክንፉ የተሸከመው እኔን እንደሆነ፣ ወንድሜንም እንደሆነ አውቃለሁ፤ እያወቅሁ ለመንኩ። የቬራ ስፌት በነፋሱ ውስጥ እንደ ግድግዳ ቆመ።

ግራውን ለማየት ግን አንገቴ እምቢ አለኝ።